አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ጀንፈል

ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ እሑድ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩና፣ አንድ የአብነት መምህር ደጃፍ ላይ ከተሰጣው ቡና አንድ ሰፌድ ጀንፈል ለምኜ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ምንጣፍ ላይ መደርደር ጀመርኩ። በአንድ ረድፍ 28 ፍሬ፣ ረድፉም 19 እንዲሆን ነበር ያሰብኩት። የኔታ ምን እንደማደርግ አልጠየቁኝም፤ ዝም ብለው ከመደባቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ዐሥረኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና «ዐቢይ ቀመርን ነው የምትደረድረው?» አሉኝ። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለሁ እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው «ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት አድርጎ የሚቆጥር ሰው ሌላ የት ሊደርስ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችን የዘመንና የበዓላት ቀመር፣ ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ 532 ለረጅም ጊዜ አእምሮዬን ይዞ የኖረ ቁጥር ነው። ምክንያቱም በዚህ ቁጥር ላይ ሁለት ዓይነት ባሕርያት ተሰብስበው አገኛለሁ፤ አንዳንዶቹ ሊሆኑ ግድ የሆኑ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንዲሁ የተገጣጠሙ ናቸው። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ከሚመስለው በላይ አድካሚ ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

መነሻው ግልጽ ነው። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከሰባቱ አዕዋዳት (የዘመን ዙሮች) የመጨረሻውና ትልቁ ዐውደ ቀመር ወይም ዐቢይ ቀመር የሚባለው ሲሆን፣ ርዝመቱ 532 ዓመት ነው። ይህ ቁጥር ከሦስት ትንንሽ ቁጥሮች ይወለዳል። አንደኛው 7 ነው፤ የሳምንቱ ቀናት ቁጥር። ሁለተኛው 4 ነው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ የሚፈራረቁበት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻም ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበት ዙር። ሦስተኛው 19 ነው፤ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ተራምዳ ወደ ተነሣችበት ቀን የምትመለስበት የዓመታት ብዛት። አንድ ዓመት 365 ቀን ከሆነ 52 ሳምንት ሞልቶ አንድ ቀን ይተርፈዋል፤ አራት ዓመት ደግሞ ከነተጨማሪዋ ቀን 1461 ቀን ስለሚሆን 208 ሳምንት ሞልቶ አምስት ቀን ይተርፈዋል። አምስትና ሰባት ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ይህ ትርፍ ተጠራቅሞ ሙሉ ሳምንት የሚሆነው አራቱ ዓመት ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ብቻ ነው። በዚህ መንገድ 28 ዓመት፣ ማለትም ዐውደ ፀሐይ፣ ይገኛል። መስከረም አንድ በዚያው የሳምንት ቀን፣ በዚያው ወንጌላዊ ዘመን ተመልሶ የሚውለው በየ28 ዓመቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱበት የትንሹ የጋራ ብዜት ጉዳይ ነው። ሁለት ዙሮች እኩል ተነሥተው እንደገና እኩል የሚገናኙት ከጋራ ብዜቶቻቸው በትንሹ ላይ እንጂ የግድ አንዱ በሌላው ተባዝቶ በሚገኘው ላይ አይደለም። የጨረቃው ዙር 19 መሆኑ ቀርቶ 20 ዓመት ቢሆን ኖሮ፣ 20 እና 28 ሁለቱም ለ4 ስለሚካፈሉ ሁሉም ነገር በ140 ዓመት ውስጥ ይጠናቀቅ ነበር። ነገር ግን 19 ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 28ን የሚያካፍለው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሳይገናኙ እስከ መጨረሻው ይጓዙና 19 ጊዜ 28 ሲሞላ ይገናኛሉ። በመሃል 76 ላይ ወንጌላዊውና አበቅቴው (በ19 ዓመት የሚዞረው የጨረቃ ቁጥር) ይገናኛሉ፤ ሊቃውንቱ ማኅተም የሚሉት እሱን ነው። የሳምንቱ ቀን ግን እዚያ ላይ ገና አልደረሰም፤ እሱን ለመጠበቅ ሰባት ማኅተም መቆጠር አለበት። ሰባት ጊዜ 76 ደግሞ ያው 532 ነው። በጠቅላላው 194,313 ቀን ይሆናል፤ ይኸውም ያለ ምንም ትርፍ 27,759 ሳምንት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህ ቀመር የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የድሜጥሮስ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ የ532 ዓመቱን ዙር በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያው በእስክንድርያ ከኖረው መነኩሴ ከአንያኖስ ጋር ያያይዙታል፤ በምዕራቡ ዓለም የአኩታኒያው ቪክቶሪዮስ በ457 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፋሲካ ሰንጠረዡን በዚሁ ዙር ላይ ሠርቷል። ማንም ይጀምረው ማን፣ በ7፣ በ4 እና በ19 የተነሣ ሰው ከ532 ሌላ የሚደርስበት አልነበረም።

የኔታ ለማስረዳት ሳይሆን እኔን ለመፈተን ብለው ይመስለኛል፣ «የዘንድሮውን አውጣልኝ» አሉኝ። ዘንድሮ 2018 ዓመተ ምሕረት ነው፤ 5500 ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። «በ19 ግደፈው» አሉ፤ በ19 አካፍለህ ትርፉን ያዝ ማለታቸው ነው። 395 ጊዜ ደርሶ 13 ተረፈ። «አንዱን ለዘመን አትት»፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ሆነ። ወንበሩን በ11 ስናበዛው 132፣ ከዚያ ላይ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴ 12 ሆነ፤ ወንበሩን በ19 ስናበዛው 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር 18 ሆነ። አሥራ ሁለትና አሥራ ስምንት ሠላሳ ነው። ይህ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፣ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን የሁለቱ ብዜቶች ድምር የ30 ብዜት ከመሆን አያልፍም። ተማሪ ሆኜ ይህን በቃሌ ከመሸምደድ ይልቅ ምክንያቱን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ጊዜ በቆጠብኩ ነበር። መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ የዘንድሮው መስከረም 1 ሐሙስ ስለነበር መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (የዕለቱ ጭማሪ) 7 ሲጨመር፣ የጾመ ነነዌን ቀን የሚሰጠው መባጃ ሐመር 25 ይሆናል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል።

«እንግዲህ» አሉ የኔታ፣ «ሚያዝያ 4፣ ዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም አንድ ሐሙስ፣ አበቅቴው 12። ይህ ሁሉ አንድ ላይ መቼ ነበር?» እኔም 532ን ከ2018 ቀንሼ 1486 አልኩ፤ በዐፄ እስክንድር ዘመን ማለት ነው። በዚያ ዓመትም መስከረም ሐሙስ ገብቷል፣ ማርቆስ ነግሧል፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ውሏል። ወደ ፊት ደግሞ 2550 ላይ ይደገማል። አንድ ሰው የአንድ ዓመትን የበዓላት ሰንጠረዥ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ከ532 ዓመት በኋላ አንድም ፊደል ሳይቀይር ያነበዋል።

ይህን ስል ግን ሰማዩም አብሮ ይደገማል ማለቴ አይደለም። 19 ዓመት በእኛ አቆጣጠር 6939 ቀን ከሦስት ሩብ ነው፤ 235ቱ የጨረቃ ወራት ግን ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድመው ያልቃሉ። ይህ ትንሽ ስሕተት 28 ጊዜ ሲደጋገም፣ በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ገደማ ይሆናል። ቀመሩ በራሱ ቤት ፍጹም ነው፤ ጨረቃዋ ናት በዝግታ ከቀመሩ የምትወጣው።

አንድ ነገር በመሃል ላንሣ፤ እጃችንን እንመልከት። በአውራ ጣት ላይ ሁለት አንጓ አለ፤ በቀሩት አራት ጣቶች ላይ ሦስት ሦስት። በአንድ እጅ 14 መሆኑ ነው። አምስቱን ጥፍሮች ስንጨምር 19፣ የሁለቱን እጆች አንጓ ብቻ ስንቆጥር ደግሞ 28። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጨረቃን ዙር በአንድ እጅ አንጓና ጥፍር፣ የፀሐይን ዙር በሁለት እጅ አንጓ እንዴት መቁጠር እንደሚቻል ጽፏል። ይህ አጋጣሚ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። የኔታ ግን እጃቸውን ዘርግተው አንጓዎቹን በአውራ ጣታቸው እየነኩ ሁለት ጊዜ ቆጠሩና «ሰው ሲፈጠር ታስቦበታል» አሉ። አልተከራከርኳቸውም።

ወደ ጀንፈሉ ልመለስ። 19ኙ ረድፎች ከሞሉ በኋላ የኔታን አንድ ነገር ላሳያቸው ፈለግሁ። 28 በሒሳብ ዓለም የተለየ ክብር ያለው ቁጥር ነው። ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ከራሱ በቀር 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ናቸው፤ እነዚህ ተደምረው መልሰው 28 ይሰጣሉ። ግሪኮች እንዲህ ያለውን ቁጥር ፍጹም ይሉታል፤ ከእሱ በፊት ያለው 6 ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው 496፣ ከዚያ 8128 ነው። አሁን የ532ን አካፋዮች ከራሱ በቀር እንዘርዝር፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 19፣ 28፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266። ከእነዚህ ውስጥ የ19 ብዜት የሆኑትን ብቻ ነጥለን፣ 19፣ 38፣ 76፣ 133 እና 266ን እንደምራቸው። ድምሩ 532 ራሱ ነው። በምንጣፉ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፦ እያንዳንዱን የ28 ረድፍ በ14፣ በ7፣ በ4፣ በ2 እና በ1 ከፋፍዬ ክፍተት ስሰጠው፣ 19ኙም ረድፎች በአንድ ላይ ሲታዩ አምስት ዓምዶች ሆኑ፤ ዓምዶቹም 266፣ 133፣ 76፣ 38 እና 19 ፍሬ ያዙ። ማኅተም የሚባለው 76 በሦስተኛው ዓምድ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

የቀሩት አካፋዮች 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14 እና 28 ሲደመሩ 56 ናቸው፤ ይኸውም የ28 እጥፍ። ስለዚህ የሁሉም ድምር 588 ሆኖ ቁጥሩን በ56 ይበልጠዋል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ማንኛውንም ፍጹም ቁጥር፣ እሱን በማያካፍል በማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ብታበዙት ውጤቱ ልክ እንዲህ ይሆናል፤ ትርፉም ሁልጊዜ የፍጹሙ ቁጥር እጥፍ ነው። ለ19ም፣ ለ11ም፣ ለ101ም ያው ነው። 28 ፍጹም መሆኑ ብቻ ነው እድሉ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

የኔታን የሚያግዘው አንድ የቆሎ ተማሪ በዚህ መሃል መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነበር፤ 19 ጊዜ 28 ስንት እንደሚሆን በምን እንደማወጣው ጠየቀኝ። የማባዣ ሰንጠረዥ ሳያስፈልግ በማጋመስና በእጥፍ እንዴት እንደሚወጣ አሳየሁት፤ በውጭ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ማባዣ እየተባለ የሚጠራው ዘዴ ነው። በግራ 19ን እያጋመስን፣ ትርፏን እየጣልን፣ 19፣ 9፣ 4፣ 2፣ 1 እንላለን። በቀኝ 28ን እጥፍ እያደረግን 28፣ 56፣ 112፣ 224፣ 448 እንላለን። በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ካለበት መስመር የቀኙን ብቻ ወስደን እንደምራለን፦ 28፣ 56 እና 448። ልጁ በጣቱ አሸዋ ላይ ደመረና 532 ሲወጣ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ 28ን አጋምሶ 19ን እጥፍ አድርጎ በተቃራኒው ሠራው፤ 28፣ 14፣ 7፣ 3፣ 1፣ በሌላው በኩል 19፣ 38፣ 76፣ 152፣ 304። ጎዶሎዎቹ 7፣ 3 እና 1 ናቸው፤ 76፣ 152 እና 304 ተደምረው ያው ሆነ። እንዲሞክረው አልነገርኩትም ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ባሕርይ ልምጣ። ጠጠር በሦስት ማዕዘን ሲደረደር 1፣ 3፣ 6፣ 10 እየተባለ እንደሚቆጠር ሁሉ፣ ከአንድ ማዕዘን እየተነሣ በሚሰፋ ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ሲደረደርም 1፣ 5፣ 12፣ 22፣ 35 እየተባለ ይቆጠራል። የጎኑን ርዝመት በ3 አብዝተን፣ 1 ቀንሰን፣ ያንኑ ርዝመት መልሰን አብዝተን ለ2 ስናካፍል ቁጥሩ ይወጣል። ጎኑ 19 ሲሆን 19 ጊዜ 56 ለሁለት ተካፍሎ 19 ጊዜ 28 ይሆናል፤ ማለትም 532። በጀንፈል ለማየት አንድ የ19 መስመር ዘርግተን፣ እያንዳንዳቸው 18 ደረጃ ያላቸው ሦስት ሦስት ማዕዘኖች እንጨምርበታለን። አንዱ ሦስት ማዕዘን 171 ፍሬ ይይዛል፤ ሦስቱ 513፤ ከ19ኙ ጋር 532። ልጁና እኔ አራት ማዕዘኑን አፍርሰን ይህን ስንሠራ አንድ ፍሬ እንኳ አልተረፈም፣ አንድም አልጎደለም።

ታዲያ የጨረቃ ዙር 19 እና የፀሐይ ዙር 28 በዚህ ቀመር መያያዛቸው ምን ማለት ነው? መጀመሪያ ፍጹም አጋጣሚ ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ ጨረቃ ስለ ባለ አምስት ጎን የምታውቀው ነገር የለም። በጀልባው ስመለስ ግን በስልኬ ላይ ሌሎቹን ፍጹም ቁጥሮች ሞከርኳቸው። የ28ን እጥፍ ወስዶ 1 ጨምሮ ለ3 ማካፈል 19ን ይሰጣል። 496ን እንዲሁ ሳደርገው 331 ሆነ፤ እሱም ብቸኛ ቁጥር ነው። 8128 ደግሞ 5419 ሰጠኝ፤ እሱም ብቸኛ ቁጥር ነው! ለ3 መካፈሉ ምክንያት አለው፤ ከ6 በኋላ ያሉት ጥንድ ፍጹም ቁጥሮች ሁሉ በ9 ሲገደፉ 1 ይተርፋቸዋል፤ ስለዚህ እጥፋቸው ላይ 1 ሲጨመር በ9 ተገድፎ 3 ይተርፋል፤ ለ3 መካፈሉም ግድ ነው። ውጤቱ ብቸኛ ቁጥር መሆኑን የሚያስገድድ ነገር ግን የለም። አጋጣሚ ብዬ በአንድ ቃል የዘጋሁት ነገር፣ ግማሹ ግድ ሆኖ ተገኘ።

ባለ አምስት ጎን ቁጥሮችና የአካፋዮች ድምር ደግሞ ሌላ ቦታ ይገናኛሉ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንድን ቁጥር የአካፋዮች ድምር ከቀደሙት ቁጥሮች የአካፋዮች ድምር ብቻ ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ወደ ኋላ የሚራመድባቸው እርምጃዎች 1 እና 2፣ 5 እና 7፣ 12 እና 15 እያሉ የሚሄዱ ሲሆን፣ ጥንዶቹ አንዴ ይደመራሉ፣ አንዴ ይቀነሳሉ። ለምሳሌ ለ6፣ የ5 ድምር 6፣ የ4 ድምር 7፣ ሲቀነስ የ1 ድምር 1፤ ውጤቱ 12 ነው፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6ም ሲደመሩ 12 ናቸው። 532 ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱ ነው፤ 19ኛው ጥንድ ላይ ስለሚገኝ በመደመር ወገን ይውላል።

532ን በ10 ፈንታ በ11 ቤት ብንጽፈው 444 እንደሚሆን ለመሙላት ያህል እናገራለሁ፤ 4 ጊዜ 121፣ 4 ጊዜ 11 እና 4። ቆንጆ ነው፤ ግን ከዚያ ወዲያ የሚወስድ መንገድ የለውም።

የመጨረሻውን ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። «የዓመተ ሰማዕታቱን ታውቃለህ?» አሉኝ። ከዓመተ ምሕረት ላይ 276 ሲቀነስ የዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ቁጥር ይገኛል፤ ዘንድሮ 1742 ነው። «እሱንም በ19 ግደፈው።» 91 ጊዜ ደርሶ 13 ተረፈ፤ ቅድም ከ7518 የተረፈው ያው 13። በ4 ስንገድፋቸውም ሁለቱም 2 ተረፋቸው። ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ አበቅቴና በአንድ ወንጌላዊ እንዲሄዱ ከተፈለገ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የ76 ብዜት መሆን ግድ አለበት፤ እስከዚህ ያለውን ወዲያው አየሁት። ከዚያ ልዩነቱን ቀነስኩ። 7518 ሲቀነስ 1742፣ 5776 ነው። ለ76 አካፈልኩት። መልሱ 76 ሆነ። ከዓለም መጀመሪያ እስከ ዓመተ ሰማዕታት መባቻ፣ በዚህ አቆጣጠር፣ ሰባ ስድስት ማኅተም ነው፤ ጎኑ 76 የሆነ እኩል አራት ማዕዘን። የ76 ብዜት መሆኑ ግድ ነው። ብዜቱ ራሱ 76 መሆኑን ግን የሚያስገድድ ምንም ነገር የለም።

ይህንንም በጀንፈል ደርድሬ ላሳያቸው እንደምፈልግ ስነግራቸው ሰፌዱን አዩት፣ የተሰጣውንም ቡና አዩት።

«ለእሱስ» አሉኝ «የራስህን ቡና ይዘህ ና።»